የቃሊቲውን ሰርቨር ከመርካቶ ማዘዝ

መጋዘኑ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቢሮው መርካቶ የሆነ ነጋዴ የዕቃ ሂሳብ የያዘው ሰርቨር በታወከ ቁጥር ባለሙያ በመኪና ቢልክ ጊዜም ነዳጅም ይከስራል። ማሽኑ እስከበራና መስመር እስካለ ድረስ ግን በ«ኤስኤስኤች» አማካይነት ትእዛዙን ከቢሮ ሆኖ በጽሑፍ መስጠት ይቻላል። የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ ደካማ መስመርም ይበቃዋል።

ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን ፕሮግራሙን በ1995 እ.ኤ.አ. የጻፈው በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ የይለፍ ቃላት ከተሰረቁ በኋላ ነው። ቀዳሚው ቴልኔት የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ይልክ ነበር፤ ኤስኤስኤች ሁሉንም ይመሰጥራል።

ጥንቃቄም ይሻል። ፋየርዎል ከማብራትዎ በፊት ኤስኤስኤች በተለምዶ የሚገባበትን ፖርት 22 ይፍቀዱ። ለውጥ ካደረጉ በኋላም የገቡበትን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት መግባት መቻልዎን ያረጋግጡ። አለዚያ ቁልፉን ውስጥ ትተው በሩን እንደዘጉ ይቆጠራል፤ የሚቀርዎት የቃሊቲ መንገድ ብቻ ነው።