ምዕራፍ 9፦ ከጥገና በኋላ የሚንጠባጠብ የሞተር ዘይት ከየት ይመጣል?

የመኪናዎን የቫልቭ ክዳን ጋስኬት በራስዎ እጅ ቀይረዋል፤ ዘይቱንና ፊልትሮውንም አድሰዋል። በማግስቱ ግን መሬቱ ላይ ጥቁር ጠብታ አገኙ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ያገኘውን ቡሎን ሁሉ ያጠብቃል፤ አለዚያም በረጠበው ቦታ ላይ ሲልኮን ይለቀልቃል። ሁለቱም ችግሩን ያባብሳሉ። የዚህ ምዕራፍ ምክር አንድ ነው፦ ዘይቱ የሚወጣበትን ቦታ በዓይንዎ ሳያዩ አይፍቱ፣ አያጥብቁም።

ቅድሚያ ለደህንነት

ጥቂት ጠብታ ከሆነ ለመመርመር ጊዜ አለዎት። ዘይቱ የሚንዠቀዠቅ ከሆነ ወይም ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ግን ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ፤ ያለ ዘይት ግፊት የሚሠራ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ሊነክስ ይችላል። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ከመጣ ዘይቱ የጋለ የጭስ ማውጫ ላይ እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል የእሳት አደጋ አለው። በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ስር ፈጽሞ አይግቡ።

ምንጩን መፈለግ

ዘይት ከወጣበት ቦታ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚያፈስ ጣሪያ ውኃው ከገባበት ርቆ ግድግዳ እንደሚያረጥብ ሁሉ፣ ጠብታው የወደቀበት ቦታም ምንጩን አያመለክትም። ስለዚህ፦

1. ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የረጠበውን ሁሉ በቅባት ማጽጃና በጨርቅ ያድርቁ። ቤንዚን አይጠቀሙ። በሥራው ጊዜ የፈሰሰ ዘይት በየስርጉዱ ስለሚቀር፣ ካጸዱ በኋላ ካልተመለሰ ፍሳሽ አልነበረም ማለት ነው።
2. ሞተሩን አስነሥተው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያሠሩት።
3. የእጅ ባትሪ ይዘው ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። ከሁሉ በላይ ያለው እርጥብ ነጥብ ዋናው ተጠርጣሪ ነው።
4. ካልታየዎት ሞተሩን አጥፍተው፣ ሲቀዘቅዝ በደረቀው ቦታ ላይ የሕፃናት ፓውደር ይነስንሱ፤ እንደገና ሲያስነሡት ዘይቱ በነጩ ላይ መንገዱን ይጽፋል።

እጅዎ የነካቸው ቦታዎች

ከጥገና በኋላ የመጣ ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በተፈታው ቦታ ነው።

*ፊልትሮ።* የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከላዩ ከታሰረ፣ ዘይቱ በግፊት ይወጣል። አሮጌውን ሲፈቱ ቀለበቱ አብሮ መውጣቱን ያረጋግጡ። የአዲሱን ጎማ በዘይት ያርሱ፤ ጎማው ሞተሩን ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ይበቃዋል።

*የማፍሰሻ ቡሎን።* ኮፓው ስር ያለውን ቡሎን በፈቱ ቁጥር ሮንዴላውን ይቀይሩ። በብዙ ትናንሽ የቶዮታ ሞተሮች ልኩ 37 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ማጥበቅ የኮፓውን ጥርስ ይበላል።

*የቫልቭ ክዳን።* ጋስኬቱ ከቦዩ ወጥቶ ሊጨፈለቅ ይችላል። የክዳኑ ቡሎኖች የሚፈልጉት በአብዛኛው 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከመካከል ወደ ዳር ቀስ በቀስ ይታሰራሉ። ሰንሰለት ባላቸው ብዙ ሞተሮች የሰንሰለቱ ክዳን ከቴስታታው ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ማዕዘኖች ጥቂት ሲልኮን ይፈልጋሉ፤ ይህ ከተዘነጋ ዘይቱ ከዚያው ይወጣል።

*ሲልኮን።* በጸዳና በደረቀ ብረት ላይ በቀጭኑ ይደረጋል፤ ዘይት ከመጨመርዎ በፊት በእሽጉ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ይጠብቁ። የተትረፈረፈው ወደ ውስጥ ተቆርጦ ወድቆ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊደፍን ይችላል።

ሁሉም ትክክል ሆኖ እያለ

የሞተሩ የውስጥ ጭስ የሚተነፍስበት ቫልቭ ከተደፈነ፣ የታፈነው ግፊት ዘይቱን በደካማው ማሸጊያ በኩል ይገፋዋል። አዲስ ጋስኬት ደጋግሞ የሚያፈስ ከሆነ ይህን ቫልቭ ይመርምሩ። የዘይቱ መጠንም ከመለኪያ ዘንጉ የላይኛ ምልክት ማለፍ የለበትም።

ዘይቱ ከሞተሩና ከካምቢዮው መገናኛ የሚወርድ ከመሰለዎት ቶሎ አይፍረዱ። ከላይኛው ክዳን ጀርባ የወረደ ዘይት በዚያው መንገድ ያልፋል። ላዩ ደረቅ ሆኖ ታቹ ብቻ ከረጠበ ግን የክራንክ ዘንጉ የኋላ ማሸጊያ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ለመቀየር ካምቢዮ ስለሚወርድ ለመካኒክ ይተዉት። ያጸዱትንና ያዩትን በዝርዝር ይንገሩት፤ ያልተበላሸ ዕቃ አስፈትተው ገንዘብዎን ከማባከን ይድናሉ።