«እርጥብ» ወይስ «እርጥቦች»? የፈጣን ምግብ ቤት ስም በነጠላ ይሁን በብዙ ቁጥር

መነሻ

ይህን አጭር ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ የካርቶን ማስታወቂያ ነው። አክስቴ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ከሚቀጠቅጡ ሰዎች ጎን አነስተኛ ምግብ መሸጫ አላት። የምትሸጠው እርጥብ፣ ሳምቡሳና ቺፕስ ነው። እርጥብ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ዳቦ ተሰንጥቆ የተጠበሰ ድንችና የሚያቃጥል ስልስ ሲገባበት እርጥብ ይባላል። ባለፈው ክረምት እቁብ ደረሳትና በላሜራ ላይ ደኅና ማስታወቂያ ለማሠራት አሰበች። «አንተ ፊደል የቆጠርክ ነህ፤ ስሙን አንተ ጻፍልኝ» አለችኝ።

እኔም የቋንቋ ተማሪነቴን ላሳይ ብዬ «ምርጥ እርጥቦች» ብዬ ጻፍኩ። በቀን ብዙ እርጥብ ስለምትሸጥ ስሙም ብዙ ቁጥር መሆን አለበት የሚል ነበር ሐሳቤ። ላሜራው ከመቀባቱ በፊት ለሙከራ በካርቶን ጽፈን ሰቀልነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ወዛደር ሸክሙን አራግፎ መጣና ካርቶኑን ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ምንም ሳይጠይቅ ሄደ። ለጓደኛው «ለብዙ ሰው ነው መሰለኝ የሚሸጡት፤ እኔ የአንድ ነው ያለኝ» ሲለው አክስቴ ሰማች። ማታ «ፊደልህ ደንበኛዬን አባረረብኝ» አለችኝ።

ነገሩ ለሌላ ሰው ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ሦስት ዓመት የተማርኩት ሰዋስው አንድ የራበው ሰው ምሳውን እንዲያልፍ ምክንያት ሆኗል። ስለዚህ «ስሙ በነጠላ ነው ወይስ በብዙ ቁጥር?» የሚለውን ጥያቄ ከልቤ ለማየት ሞከርኩ።

ነጠላው ቅርጽ በእርግጥ ነጠላ ነውን?

በአማርኛ ብዙ ቁጥር የሚመሠረተው በአብዛኛው «-ኦች» ወይም «-ዎች» በመጨመር ነው፤ በግ፣ በጎች፤ ሳምቡሳ፣ ሳምቡሳዎች። እስከዚህ ድረስ ከእንግሊዝኛው ጋር የሚመሳሰል ይመስላል። ልዩነቱ ግን ምልክት የሌለው ስም ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ምልክት የሌለው የሚቆጠር ስም አንድ ብቻ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ምልክት የሌለው ስም አንድም ሊሆን ይችላል፣ ብዙም ሊሆን ይችላል፣ ዓይነቱንም ብቻ ሊጠራ ይችላል። «በግ ይነግዳል» ስንል ሰውየው አንድ በግ ብቻ ይሸጣል ብሎ የሚያስብ የለም። ከቁጥር በኋላም ቢሆን «አምስት ልጅ» እና «አምስት ልጆች» ሁለቱም ያስኬዳሉ። «ሦስት ሻይ» ብሎ የሚያዝ ሰው ተሳሳትክ አይባልም፤ «ሦስት ሻዮች» ቢል ግን አስተናጋጁ ቀና ብሎ ያየዋል።

እንግዲህ የእኔ ስሕተት ከዚህ ይጀምራል። «እርጥብ» የሚለው ቃል ብዛቱን በውስጡ ይዞት ነበር። እኔ «-ኦች»ን ስጨምርበት ብዛቱን የፈጠርኩ መስሎኝ ነበር፤ የፈጠርኩት ግን የተቆጠረና የተለየ ስብስብ ነው። ወዛደሩ በትክክል ነው ያነበበው።

መርካቶ ራሷ ምን ትላለች?

መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣና «ገበያ» ማለት ነው። በ1928–1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት የወጣ ስም ነው። በውስጡ ያሉት ክፍሎች ስም ግን የራሳችን ነው፤ ጫማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሳጥን ተራ። ጫማ ተራ ውስጥ ያለው ጫማ ለቁጥር ያታክታል፤ ሆኖም «ጫማዎች ተራ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። በ«ቤት» የሚጨርሱትም እንዲሁ ናቸው፤ ሥጋ ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ጠጅ ቤት። የሚሸጠው ነገር ስም ከቦታው ስም በፊት ሲመጣ ዓይነትን እንጂ ቁጥርን አይናገርም።

እዚህ ላይ «ቤተ መጻሕፍትስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መጻሕፍት ብዙ ቁጥር ነው። ነገር ግን ያ ስም በግእዝ አገባብ የተሠራ ስለሆነ «ቤት» ከፊት ቀድሞ፣ ብዙ ቁጥሩም በግእዝ ሕግ ወጥቷል። ሰፈር ውስጥ ያለ አማርኛ ስም ሲያወጣ በዚያ መንገድ አይሄድም።

ከሁሉም በላይ ግን ያስተማረኝ የተራው የራሱ ስም ነው። «ምን አለሽ?» የገዢ ጥያቄ ነው። የምትጠየቀው አንዲት ሴት ናት፤ ተራው ግን የብዙ ሻጮች ነው። ግሱም «አለ» እንጂ «አሉ» አይደለም። ሻጯ ፊት መቶ ዓይነት ዕቃ ተዘርግቶ እያለ ጥያቄው በነጠላ ይወጣል። ገዢው መዘርዘር ሲፈልግ «ምን ምን አለሽ?» ብሎ ቃሉን ይደግመዋል፤ ግሱን ግን አሁንም አይለውጠውም። አክስቴ ይህንኑ በአጭሩ ነገረችኝ፤ «ሰው ሲመጣ ‹እርጥብ አለሽ?› ይለኛል። ‹እርጥቦች አሉሽ?› የሚለኝ ማን ነው?» የማስታወቂያ ስም ለገዢው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ከሆነ፣ መልሱ በጥያቄው ቅርጽ መምጣት አለበት ማለት ነው።

ከውጭ የመጡት ስሞች

የምግብ ስሞች ከውጭ ሲገቡ ቁጥራቸውን ድንበር ላይ ጥለው ይገባሉ። መኮሮኒና ስፓጌቲ በጣሊያንኛ ብዙ ቁጥር ናቸው፤ እኛ ግን «መኮሮኒው በሰለ» እንላለን። «ፓኒኒ»ም እንዲሁ ነው። ቺፕስ በእንግሊዝኛ ብዙ ቁጥር ነው፤ እኛ ጋ «ቺፕሱ ቀዘቀዘ» ይባላል፤ ብዙ ነው ለማለት የፈለገም «ቺፕሶች» ይላል። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ሩሲያኛ ቺፕስንና ጂንስን ከነ«ስ»ው ወስዶ የራሱን የብዙ ቁጥር ምልክት ደርቦባቸዋል። በጀርመን ኸርማን ባልሰን የተባለው ብስኩት አምራች እ.ኤ.አ. በ1891 «ላይብኒትስ ኬክስ» የሚል ስም ለምርቱ ሰጠ። ቃሉ የእንግሊዝኛው የ«ኬክ» ብዙ ቁጥር ነበር፤ ጀርመኖቹ ግን አንዱን ብስኩት «ኬክስ» ማለት ጀመሩና በኋላ ለብዙው «ኬክሰ» የሚል አዲስ ቅርጽ አወጡለት።

እኔን ያሳሳተኝ ሌላው ነገር በ«ስ» የሚጨርሱት የታወቁ ስሞች ናቸው። ማክዶናልድስ የሚለውን ሁልጊዜ ብዙ ቁጥር ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ የባለቤትነት ምልክት ነው፤ ወንድማማቾቹ ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1940 በካሊፎርኒያ የከፈቱት ቤት ስለሆነ «የማክዶናልድ» ማለት ነው። የአዲስ አበባው ካልዲስ ኮፊም የተሰየመው በአፈ ታሪኩ እረኛ በካልዲ ስም ነው፤ «ስ»ው እዚያም ባለቤትን ያመለክታል። አማርኛ ይህን ሐሳብ በ«እነ» ይገልጸዋል፤ «እነ እትዬ ጋ እንብላ» እንላለን። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ፒዛ ሃት ደግሞ «ፒዛ ጎጆ» እንደማለት ነው፤ ከእኛው ሻይ ቤት ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ነው።

ታዲያ ብዙ ቁጥር ቦታ የለውም?

አለው። ማንኛውንም የምግብ ዝርዝር ገልጣችሁ እዩ። ርዕሱ ላይ «ትኩስ መጠጦች»፣ «የጾም ምግቦች» ይላል፤ ከሥሩ ግን ሻይ፣ ቡና፣ ማኪያቶ እያለ በነጠላ ይወርዳል። ርዕሱ የተለያዩ ዓይነቶችን ሰብስቦ ስለያዘ ብዙ ቁጥር ይስማማዋል፤ እያንዳንዱ ግን ዓይነት ስለሆነ በነጠላ ይጠራል። ስለዚህ «ፈጣን ምግቦች» ብሎ መጻፍ ስሕተት አይደለም፤ «እርጥቦች» ግን አንዱን ዓይነት ያለ ምክንያት ቆጠራ ውስጥ ያስገባዋል።

አንድ ጓደኛዬ «ብዙ ቁጥር ቢሆን እኮ ስሙ ከሌላው እርጥብ ቤት ይለያል» ብሎ ተከራክሮኛል። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ግን የዕቃውን ዓይነት ብቻ የሚገልጽ ምልክት አይመዘገብም። «-ኦች» መጨመር የጋራውን ስም የግል አያደርገውም። መለየት የፈለገ ሰው የራሱን ስም ወይም ሌላ ልዩ ቃል ይጨምር።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው፣ አንድ ዓይነት ምግብ ለሚሸጥ ቤት ነጠላው ቅርጽ ይስማማል፤ ምክንያቱም በአማርኛ ነጠላው ቅርጽ ለአንዱም ለብዙውም በሩ ክፍት ነው። ብዙ ቁጥር የሚያምረው የተለያዩ ዓይነቶችን በአንድ ርዕስ ለመሰብሰብ ሲሆን ነው። በ«ስ» የሚጨርስ የውጭ ስም ሲያጋጥመን ደግሞ ብዙ ቁጥር ነው ብለን ከመቅዳታችን በፊት የባለቤት ምልክት እንዳይሆን ማየት አለብን።

ላሜራው ተቀብቷል። «እርጥብ፣ ሳምቡሳ፣ ቺፕስ» ይላል፤ ከሥሩ በትንሹ «አንድም ይሸጣል» የሚል አለበት። ያቺን መጨረሻ ያስጨመረችው አክስቴ ናት። እኔ «ነጠላው ይበቃል፤ ትርፍ ነው» ብያት ነበር። እሷ ግን «ያ ልጅ ተመልሶ ቢመጣስ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የሚሆን ሰዋስው አላገኘሁም።