አመዛዛኝ ድርሰት፦ ዋጋን መቀነስ ወይስ ገቢን መደገፍ?

አመዛዛኝ ድርሰት በአንድ ጉዳይ ላይ የሚነሡ ሁለት አሳቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉድለት በማስረጃ መዝኖ፣ በመጨረሻ ፍርድ የሚሰጥ የድርሰት ዓይነት ነው። ጸሐፊው የማይደግፈውን አሳብ አዳክሞ ማቅረብ የለበትም፤ ያለ በቂ ማስረጃ የተሰጠ ፍርድ አንባቢን አያሳምንምና። የሚከተለውን ምንባብ ስታነቡ ይህንን ልብ በሉ።

ምንባብ

ካዛንቺስ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ብዙ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። እነዚህ ቤተሰቦች አትክልት የሚገዙት ከጉልት ነበር፤ በሌሎቹ የቂርቆስ ክፍለ ከተማ መንደሮች ዛሬም እንዲሁ ነው። በጉልት ቲማቲሙና ድንቹ በመደብ፣ ጎመኑ በእስር ይሸጣል። ዕለት ሠርቶ የሚያድር ሰው የሳምንቱን ባንድ ጊዜ መግዛት አይችልም፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ሲገዛ ብዙ ጊዜ ከባለጠጋው የበለጠ ይከፍላል። እጅ ሲያጥርም አስቀድሞ ከገበታው የሚጠፋው እንጀራው ሳይሆን አትክልቱ ነው። እንዲህ ያለውን ቤተሰብ በሕዝብ ገንዘብ ለመርዳት ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል።

አንደኛው መንገድ ዋጋን መቀነስ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ መንግሥት ኤትፍሩት የተባለውን የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ከላይኛው አዋሽና ከሌሎች የመንግሥት እርሻዎች የሚመጣውን ምርት በአዲስ አበባ ሱቆቹ ይሸጥ ነበር። ዋጋው ዝቅ ካለ ማንም ሰው ድህነቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ይገዛል። ይሁን እንጂ የሱቁ በር ለሁሉም እኩል ክፍት ስለ ሆነ፣ ርካሹን አትክልት አብዝቶ የሚወስደው ብዙ ገንዘብ የያዘው ነው። ከዚህም ሌላ አትክልት እንደ እህል በጎተራ አይከማችም፤ ሳይሸጥ ቢበሰብስ ኪሳራው የሕዝብ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ገቢን መደገፍ ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች 10 ከተሞች የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጀመረ። ለዚሁ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። መሥራት የሚችሉት በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማትና በከተማ ግብርና ተሰማርተው ሲከፈላቸው፣ አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ አካል ጉዳተኞች ቀጥታ ድጋፍ ያገኙ ነበር። በዚህ መንገድ ርዳታው ለተቸገረው ይደርሳል፤ ምን እንደሚገዛበት የሚወስነውም ባለቤቱ ነው። ነገር ግን ክፍያው የተወሰነ ሲሆን የገበያው ዋጋ ግን አይቆምም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ባለፈ ጊዜ ያው ብር የሚገዛው መደብ አነሰ።

ሁለቱ ሲመዘኑ፣ ገንዘቡን ለተቸገረው ቤተሰብ በቀጥታ መስጠት የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ ክፍያው ከገበያው ዋጋ ጋር እየታየ መሻሻል አለበት። አትክልት ከማሳ እስከ ጉልት በደላላና በጅምላ ነጋዴ እጅ ሲያልፍ በየእጁ ዋጋው ስለሚጨምር፣ ይህም መንገድ ማጠር ይኖርበታል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በእሑድ ገበያ ምርታቸውን ራሳቸው መሸጣቸው ለዚህ ይረዳል። ገበያውም ሰው ካለበት መቅረብ ይገባዋል፤ በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ተነሥተው ገላን ጉራ የሰፈሩትን ቤተሰቦች የለመዱት ጉልት አልተከተላቸውም።

ሀ. የቃላት ጥናት

1. «ጉልት»፣ «እጅ ሲያጥር» እና «ንረት» በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ጻፉ።
2. «መደብ» የሚለው ቃል በምንባቡ ካለው ሌላ ምን ፍቺ አለው? በዐረፍተ ነገር አሳዩ።

ለ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

1. ድሃው ከባለጠጋው የበለጠ የሚከፍለው ለምንድን ነው?
2. የሁለቱን መንገዶች ጥቅምና ጉድለት በሠንጠረዥ አነጻጽሩ።
3. በጸሐፊው ፍርድ ትስማማላችሁ? ምክንያታችሁን አስረዱ።

ሐ. ሰዋስው፦ መስተጻምር

«ስለዚህ» ውጤትን፣ «ከዚህም ሌላ» ተጨማሪ ምክንያትን፣ «ይሁን እንጂ» እና «ነገር ግን» ተቃርኖን ያመለክታሉ። ቀጥለው ያሉትን በተስማሚ መስተጻምር አያይዙ።

1. አትክልት ቶሎ ይበላሻል። ነጋዴው በጠዋት ሸጦ መጨረስ ይፈልጋል።
2. የእሑድ ገበያ ርካሽ ነው። ለሠፈራችን ሩቅ ነው።

መ. ድርሰት

«ለተማሪዎች ምገባ የሚውለው አትክልት ከጅምላ ነጋዴ ይገዛ ወይስ ከገበሬዎች ማኅበር?» በሚል ርእስ በአራት አንቀጽ አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። ፍርዳችሁን በመጨረሻው አንቀጽ ብቻ አስፍሩ።