ለአምስት ዓመቷ ልጄ ምን ልግዛላት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደምበጫ ነው። ለ5 ዓመት ልጄና ለ1 ዓመት ወንድሟ ምን መጫወቻና መጽሐፍ ይበጃቸዋል? የማገኘው በባትሪ የሚጮኸውን ፕላስቲክ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ እሱ ይቅርብዎ፤ መጫወቻው ሲለፈልፍ ልጅቷ ዝም ትላለች። ጭቃ ይስጧት፤ በሬና ጎጆ ትሥራበት። ቅልብልቦሽም እጇን ያፍታታል፣ መቁጠር ያለማምዳታል። ጠጠሩን ግን ከትንሹ ያርቁ፤ አፉ ከከተተው ሊያንቀው ይችላል። መጽሐፉ ሥዕሉ ትልቅ፣ ጽሑፉ በየገጹ ሁለት ሦስት መስመር ይሁን። ሲያነቡላት መሀል ላይ ቆም ብለው «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» ይበሏት። አባባ ተስፋዬ ለአሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ልጆችን የያዙት በተረት ነው፤ ተረት ደግሞ አያቷም ዘንድ አይጠፋም (የጅቡን ለመኝታ ሰዓት ባያደርጉት ይሻላል)። ለባትሪው መጫወቻ ባሰቡት ብር አንድ የአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ ይግዙላት።