ቢዬላ "ስንት ፈረስ ይችላል?" የሚለው ጥያቄ ለምን አይበቃም

መግቢያ

እንደሚታወቀው ሞተር ውስጥ ፒስቶኑን ከኮሎዶካው ጋር የሚያገናኘው ክፍል ቢዬላ ይባላል። ክፍል ውስጥ ኮኔክቲንግ ሮድ እያልን ብንማረውም ጋራዥ የገባ ሁሉ የሚያውቀው ከጣልያንኛ በመጣው በዚህ ስሙ ነው። ክራንክሻፍቱም እንዲሁ እዚያ ኮሎዶካ ነው። እኔም በዚህ ጽሑፍ የጋራዡን ስም እጠቀማለሁ።

የማሽን ዲዛይን ኮርስ ስንወስድ ለፕሮጀክት የመረጥኩት ቢዬላን ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና የሚወዱ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ "ይሄ ቢዬላ ስንት ፈረስ ይችላል?" ይሉኛል። ሻጮችም ብዙ ጊዜ ዕቃቸውን የሚያስተዋውቁት በዚሁ ቁጥር ነው፤ ለ600 ፈረስ፣ ለ800 ፈረስ፣ ለ1000 ፈረስ እየተባለ። በእኔ እምነት ግን ጥያቄው ጎደሎ ነው። ቢዬላው የፈረስ ጉልበትን አያውቅም፤ የሚሰማው መገፋትና መጎተት ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ያ ጉልበት ከምን እንደሚመጣ መጠየቅ አለብን፤ ከግፊት ነው ወይስ ከዙር? ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ብቻም አይደለም። ቢዬላ በሙሉ ዙር ላይ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሞተሩን አካል በስቶ ይወጣል፤ ዘይቱም በጋለው የጭስ ቱቦ ላይ ሊፈስና እሳት ሊያስነሳ ይችላል። መሪውን የያዘው ሰው ደግሞ እዚያው ነው ያለው።

1. የሚገፋውና የሚጎትተው ኃይል

የመጀመሪያው ኃይል ከጋዝ ይመጣል። ነዳጁ ሲቃጠል ፒስቶኑ ወደ ታች ይገፋል፤ ቢዬላውም በፒስቶኑና በኮሎዶካው መካከል ይጨመቃል። ቱርቦው ብዙ አየር ባስገባ ቁጥር ይህ ኃይል ያድጋል። የሚያሰጋው ቢዬላው እንዳይጎብጥ ነው።

ሁለተኛው ከፒስቶኑ ከራሱ እንቅስቃሴ ይመጣል። ፒስቶኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል። በጭስ ማስወጫው ምት መጨረሻ ላይ ቫልቩ ክፍት ስለሆነ ከላይ የሚገፋ ጋዝ የለም ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ፒስቶኑን ይዞ የሚመልሰው ቢዬላው ብቻ ነው፤ ቢዬላውን የሚይዙት ደግሞ የታችኛው ክዳን ሁለት ቡሎኖች ናቸው። ይህ ኃይል የሚያድገው በዙር ካሬ ልክ ነው፤ ዙሩ እጥፍ ቢሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

የኩርሚንና የጉፕታን የማሽን ዲዛይን መጽሐፍ የተማርን ሰዎች ይህን ልዩነት እናውቀዋለን። የግንዱ ስፋት የሚሰላው ከከፍተኛው የጋዝ ኃይል ነው፤ የክዳኑ ቡሎኖች ውፍረት የሚሰላው ግን ከፒስቶኑ ኢነርሺያ ነው። ለፈተና ስናጠና ሁለት የተለያዩ ቀመሮች ይመስሉናል እንጂ ቢዬላን ለመምረጥ ቁልፉ ያለው እዚሁ ነው።

2. እስቲ በቁጥር እንየው

ለምሳሌ የወሰድኩት የቶዮታን 2ጄዜድ-ጂቲኢ ነው። ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ሱፕራ ጋር ስሙ የገነነ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ዲያሜትር 86 ሚ.ሜ፣ ምቱም 86 ሚ.ሜ፣ የቢዬላው ርዝመት 142 ሚ.ሜ ነው። ሁለት ሰዎች ይህን ሞተር 600 ፈረስ ማድረግ ፈለጉ እንበል። አንደኛው በትልቅ የቱርቦ ግፊት በደቂቃ 6000 ዙር ላይ ያወጣዋል። ሁለተኛው ግፊቱን ቀነስ አድርጎ 8500 ዙር ላይ ያወጣዋል።

መጀመሪያ ቶርኩን እንይ። 600 ፈረስ ወደ 447 ኪሎዋት ነው። ለአንደኛው 712 ኒውተን ሜትር፣ ለሁለተኛው 503 ኒውተን ሜትር ያስፈልጋል። ወደ አማካይ ውጤታማ ግፊት ስንለውጠው የአንደኛው 30 ባር፣ የሁለተኛው 21 ባር ገደማ ይሆናል። የግፊቱ ጫፍ ግን ከአማካዩ እጅግ ይበልጣል። ጫፉ 150 ባር ቢደርስ ፒስቶኑ ላይ የሚያርፈው የጋዝ ኃይል 87 ኪሎኒውተን ነው። ስለዚህ በመገፋት በኩል የአንደኛው ሰው ቢዬላ የባሰ ጫና አለበት።

አሁን መጎተቱን እንይ። ፒስቶኑ ላይኛው ጫፍ ላይ ያለው አክስለሬሽን የሚገኘው የኮሎዶካውን ራዲየስ በማዕዘናዊ ፍጥነት ካሬ፣ ከዚያም በ1 ሲደመር የራዲየስና የቢዬላ ርዝመት ንጽጽር በማባዛት ነው። ራዲየሱ 43 ሚ.ሜ ስለሆነ ንጽጽሩ 0.303 ነው። በ6000 ዙር 22,100 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ በ8500 ዙር ደግሞ 44,400 ይመጣል። ፒስቶኑ፣ ፋሻዎቹ፣ ስፒኖቶውና የቢዬላው የላይኛው ክፍል አንድ ላይ 0.75 ኪሎ ናቸው ብንል የመጀመሪያው 16.6 ኪሎኒውተን፣ ሁለተኛው 33.3 ኪሎኒውተን ነው። የሁለተኛው ከ3 ቶን በላይ ጭነት እንደማንጠልጠል ነው፤ ያውም በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ።

እንግዲህ ፈረሱ እኩል 600 ሆኖ የአንዱ ቢዬላ ከሌላው እጥፍ ይጎተታል። "600 ፈረስ ይችላል" የሚለው ጽሑፍ ለየትኛው ነው የሚሠራው?

ይበልጥ የሚገርመው የሆንዳ ኤስ2000 ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ ለጃፓን ገበያ 250 ፈረስ ነበረው፤ ቱርቦ የለውም፤ ግን እስከ 9000 ዙር ይደርሳል። ምቱ 84 ሚ.ሜ፣ ቢዬላው 153 ሚ.ሜ ነው። በዚያው ቀመር ሲሰላ የፒስቶኑ አክስለሬሽን 47,500 ይሆናል። ከፋብሪካ የወጣው ባለ 250 ፈረስ መኪና በዚህ በኩል ከሁለቱም ባለ 600 ፈረስ ሞተሮች ይበልጣል ማለት ነው።

3. ቅርጹ፦ አይ ወይስ ኤች?

ገበያ ላይ ያሉት የቢዬላ ግንዶች ባብዛኛው በሁለት ይከፈላሉ። ባለ አይ ቅርጹ ጎድጓዳው በፊትና በኋላ ፊቱ ላይ ነው፤ ባለ ኤች ቅርጹ ጎድጓዳው በጎንና በጎኑ ነው። አንዱን በ90 ዲግሪ ብናዞረው ሌላውን ይመስላል።

ቢዬላ በሚወዛወዝበት አቅጣጫ ሲጎብጥ ሁለቱም ጫፎቹ እንደልብ ይዞራሉ። በሌላው አቅጣጫ ግን ስፒኖቶውና ኮሎዶካው አጥብቀው ስለሚይዙት ጉብጠትን 4 እጥፍ ይቋቋማል። ለዚህ ነው መጽሐፋችን የአንዱ አቅጣጫ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ ከሌላው 4 እጥፍ ይሁን የሚለው። ቁመቱን 5 እጥፍ፣ ስፋቱን 4 እጥፍ ውፍረት አድርጎ የሚሰጠን የአይ ቅርጽ ንጽጽሩ 3.2 ይመጣል፤ ከ4 ስለሚያንስ ይበቃል።

ከባድ የቱርቦ ግፊት ላለው ሞተር ወፍራም ግንድ ያለው ባለ አይ ቢዬላ በብዛት ይመረጣል። ለመካከለኛ ሥራ ባለ ኤች ጥሩ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ነገር ግን ፊደሉን ብቻ አይቶ መግዛት አይገባም። ቀጭን አይ ከወፍራም ኤች አይሻልም። በተለይ ቱርቦው ገና በዝቅተኛ ዙር ሙሉ ግፊት የሚሰጥ ከሆነ ጥንቃቄ ያሻል። በዝቅተኛ ዙር የፒስቶኑ ኢነርሺያ ትንሽ ስለሆነ የጋዙን ግፊት አይቀንሰውም፤ ግንዱ ሙሉውን ይቀበላል።

4. ማቴሪያሉ

የብዙ ፋብሪካ ቢዬላዎች ከብረት ዱቄት ተጨምቀውና ተቀጥቅጠው የሚሠሩ ናቸው። ክዳናቸው ተሰንጥቆ ስለሚለይ ከሌላ ክዳን ጋር አይገጥሙም፤ መገጣጠሚያው ፊት ተሞርዶም አይጠገንም። ለከፍተኛ ጉልበት በብዛት የሚመረጠው ኒኬል፣ ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት የ4340 ቅጥቅጥ ብረት ነው።

ቲታኒየም ከብረት በ40 ከመቶ ገደማ ስለሚቀል ለዙር ተስማሚ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1990 በኤንኤስኤክስ ላይ ተጠቅሞበታል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ በድራግ ውድድር የተለመደ ነው፤ ቀላል ነው፣ ድንጋጤም ያበርዳል። ሆኖም ከሙቀት ጋር ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ እንደ ብረት የተወሰነ የድካም ወሰንም የለውም። ስለዚህ እየተቆጠረ የሚቀየር ዕቃ ነው። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና አልመክረውም።

5. ዋናው ነገር፦ ቡሎኑ

ገንዘብ ካጠረ ቅድሚያ ለቡሎን ይሰጥ እላለሁ። ከላይ ያየነው 33.3 ኪሎኒውተን ለሁለት ሲካፈል ለአንዱ ቡሎን 16.6 ይደርሰዋል። የቡሎኑ አንገት 8 ሚ.ሜ ከሆነ ይህ 330 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ኤአርፒ 2000 የተባለው ቡሎን 1500 ሜጋፓስካል ስለሚችል ትርፉ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን የታችኛው ዓይን በዙር ውስጥ ወደ ሞላላነት ስለሚሄድ ቡሎኑን መጉበጥም ያገኘዋል። የኮሎዶካ ዙር በሺህ ሲቆጠር ደግሞ ጉዳዩ ድካም ነው።

መከላከያው ቡሎኑን አስቀድሞ ወጥሮ ማሰር ነው። ውጥረቱ ከሚመጣው ጭነት ከበለጠ ክዳኑ አይላቀቅም፣ ቡሎኑም የሚሰማው ለውጥ ትንሽ ይሆናል። ከላላ ግን እያንዳንዱ ዙር በቀጥታ ቡሎኑ ላይ ያርፋል፤ ጥሩ ቡሎንም እንዲህ ነው የሚበጠሰው። በቶርክ ቁልፍ ስናስር ከምናወጣው ጉልበት 90 ከመቶ ገደማው በሰበቃ ይጠፋል፤ ዘይት ሲቀየር ብቻ እንኳ ውጥረቱ ይለያያል። ስለዚህ የሚሻለው የቡሎኑን ርዝመት ከማሰር በፊትና በኋላ በማይክሮሜትር ለክቶ አምራቹ ያዘዘውን ያህል መለጠጡን ማረጋገጥ ነው። ሲፈታም እንደገና ይለካል፤ በ0.025 ሚ.ሜ ረዝሞ ከቀረ ይጣላል።

ማጠቃለያ

በአጭሩ ቢዬላ ስንመርጥ በቅደም ተከተል እነዚህን እንጠይቅ፦

ሀ. ሞተሩ የሚደርስበት ከፍተኛ ዙር ስንት ነው? ይህ ቡሎኑንና የክብደቱን ልክ ይወስናል።
ለ. ቶርኩ ስንት ነው፣ በየትኛው ዙር ይጀምራል? ይህ ግንዱን ይወስናል።
ሐ. ፒስቶንና ስፒኖቶው ስንት ይመዝናሉ? እዚህ የሚቀነስ እያንዳንዱ ግራም ቢዬላውን ያሳርፈዋል።
መ. ርዝመቱ፣ የስፒኖቶው ዲያሜትርና የታችኛው ዓይን ስፋት ከሞተሩ ጋር ይገጥማሉ? ስድስቱስ በክብደት እኩል ናቸው?

ሻጩ ለእነዚህ መልስ ከሌለውና ያለው የፈረስ ቁጥር ብቻ ከሆነ ዕቃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለእኛ ሞተር መሆኑ ግን አልታወቀም። ደግሞም ጠንካራ ቢዬላ ያልተስተካከለ ማቀጣጠልን አያድንም። ሞተሩ እያንኳኳ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት እሱ ነው። ፕሮጀክት ለምትመርጡ የታች ክፍል ተማሪዎች የምመክረው የምታውቁትን ሞተር ወስዳችሁ ከላይ ያለውን ስሌት በ6000ም በ8500ም ዙር እንድትሠሩት ነው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ "ስንት ፈረስ?" የሚለውን ጥያቄም ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን ታዩታላችሁ።