ለተከራይ የተጻፈች ወረቀት አከራዩን ታስገድዳለችን?

ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ወርደን፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ እስከ ሠራተኛ ሠፈር የሚከራይ ክፍል ስንፈልግ የምንውል ተማሪዎች ጥቂቶች አይደለንም። ክፍሉ ሲገኝ ባለቤቱ ከደብተር አንድ ቅጠል ገንጥለው፣ «ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የጓሮውን ክፍል ለእገሌ አከራያለሁ» ብለው ጽፈው ይሰጣሉ። ተማሪው ዕቃውን ጭኖ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ገብቶበት ያገኘዋል እንበል። ያች ወረቀት ምን ዋጋ አላት?

መነሻችን በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ቁጥር 1719 እንደሚለው፣ ሕግ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በቀር ውል በተዋዋዮቹ ስምምነት ብቻ ይጸናል። ከጓደኞቻችን መካከል ቁጥር 1723ን እየጠቀሱ «ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነውና ወረቀትና ምዝገባ ያስፈልገዋል» የሚሉ አሉ። ቁጥሩን ግን ደኅና አድርገው ያነበቡት አይመስለንም። እርሱ የሚናገረው ስለ ባለቤትነት፣ ስለ አላባ ጥቅም፣ ስለ መያዣና ይህን ስለመሰሉ መብቶች እንጂ ስለ ኪራይ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ሕግ ብቻ ብንሄድ ጥያቄው የሚሆነው በወረቀቷ ላይ ምን ተጽፏል የሚለው ነው። ክፍሉ የትኛው እንደሆነ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ ከመቼ እንደሚጀምር ከታወቀና ተማሪው እሺ ካለ ውል አለ። ባለቤቱ «እስከ ዓርብ እጠብቅሃለሁ» ብለው ከጻፉ በቁጥር 1690 መሠረት እስከ ዓርብ በቃላቸው ይታሠራሉ፤ ሐሙስ ለሌላ ሰው መስጠት አይገባቸውም። ተማሪው «እሺ፣ ነገር ግን ኪራዩ ይቀነስልኝ» ቢል ግን እንደ መቀበል አይቈጠርለትም፤ ሐሳቡን እንደ አዲስ እንዳቀረበ ይቈጠራል። ዝም ማለትም መቀበል አይደለም። በበሩ ላይ የተለጠፈው «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚለው ማስታወቂያ ደግሞ፣ ዋጋና ዕቃ ለሕዝብ የሚያሳይ ሁሉ እንዳልተዋዋለ በሚቈጥረው በቁጥር 1687 መንፈስ ሲታይ፣ ማንንም አያስገድድም። (ደላላው በቃል የጨመረበትን ማማለያማ እንተወው።)

ነገሩ የተለወጠው በ2016 ዓ.ም. ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በተቈጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ አዘዘ፤ የውሉም ጊዜ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ወሰነ። አጻጻፍ ሲታዘዝ ደግሞ ቁጥር 1720 ይከተላል፤ የታዘዘው ሳይፈጸም የቀረ ውል ረቂቅ እንጂ ውል አይደለም። ቁጥር 1727 የተዋዋዮቹን ፊርማና የሁለት ምስክሮችን መኖር ይጠይቃል። «ወረቀቷ ውል ባትሆንም ለመዋዋል የተሰጠች ተስፋ ናት» የሚል ቢኖር፣ ቁጥር 1721 መንገዱን ይዘጋበታል፤ የመጀመሪያው ውል የመጨረሻው ውል በሚጻፍበት ዓይነት መጻፍ አለበትና።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት የደብተሯ ቅጠል ዛሬ የመኝታ ክፍል አታስገኝም። ተከራይን ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ ገና ያልገባውን ተከራይ ባዶ እጁን ማስቀረቱ ያስገርማል። ይኸው አዋጅ የወጣው ለመኖሪያ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ባለቤቱ ያንኑ ዓይነት ወረቀት በምድር ቤት ላለችው ሱቅ ለአንድ ልብስ ሰፊ ቢጽፉለት ኖሮ ቁጥር 1719 ይጸናለት ነበር። አንድ ሕንፃ፣ አንድ እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ፍርድ!

ቀብድ ከተከፈለ ግን ተማሪው ፈጽሞ ባዶ አይደለም። በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ በቁጥር 1885 ደግሞ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ውሉ ረቂቅ ነው ከተባለ እጥፉን መጠየቅ ያከራክራል፤ ዋናውን ግን ያለ ምክንያት ይዘው ሊቀሩ አይችሉም። ባለቤቱ በወረቀቷ ላይ «ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ» ብለው መፈረማቸው ከተስፋ ቃላቸው ሁሉ የሚበልጠውም ስለዚህ ነው።

ውሉ የጸና በሚሆንበት ጊዜም፣ እንደ ልብስ ሰፊው ያለው፣ ቤቱን በግድ ማስረከብ ሁልጊዜ አይገኝም። ቁጥር 1776 ለዚህ ልዩ ጥቅም መኖሩንና የባለዕዳው ነጻነት አለመነካቱን ይጠይቃል፤ አለዚያ የሚቀረው የኪሣራ ካሣ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በመንገድ ኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት እንዲህ ያለ የጸና ተስፋ ለተሰጠው ሰው አከራዩ ይከፍላልን? ቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላን ከአቅም በላይ ከሆኑ ነገሮች ይቈጥረዋል፤ ካሣው ይቀራል፣ ቀብዱ ግን ይመለሳል። አከራዩ የማፍረሱን ማስታወቂያ ሰምተው ሳለ ወረቀቷን ጽፈው ከሆነ ግን አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር ከአቅም በላይ አይባልምና፣ ካሣውንም ይከፍላሉ።