የማይነሣ ሞተርና ያረጀ የቤት ሽቦ

አንድ ባለሱቅ የበርበሬ መፍጫ ሞተር ገዝቶ ይወስዳል፤ በማግስቱም «አልነሣ አለኝ» ሲል ይመልሰዋል። አስመጪው በመጋዘኑ ቢሞክረው ያለ አንዳች እንከን ይዞራል። ከዚህ የሚነሣው ክርክር ሁለቱንም ወገን ገንዘብና ወዳጅነት የሚያሳጣ ነው። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የሻጩም የገዢውም አይደለም፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው ኤሌትሪክ 220 ቮልት ነው። በቀድሞ ቤቶች የተዘረጋው ሽቦ ግን ለጥቂት አምፑልና ለሬዲዮ ታስቦ የገባ ሲሆን፥ መገጣጠሚያውም አብዛኛውን ጊዜ ተጠማዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ነው። ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ሲሠራ ከሚወስደው አምስት ወይም ስድስት እጥፍ ይስባል። ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ከቆጣሪው 30 ሜትር ቢርቅ፥ መሄጃና መመለሻው 60 ሜትር ይሆናል። በዚህ ሽቦ 40 አምፔር ሲያልፍ 29 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል፤ ለሞተሩ የሚደርሰው 191 ነው። የሞተር ጉልበት ከቮልቱ ካሬ ጋር የሚቀንስ ስለ ሆነ፥ ሩቡ ያህል ይጠፋል። መፍጫው በርበሬ ይዞ ሳለ ይህ አይበቃውም። ሞተሩ ቆሞ ያጉረመርማል፥ ይግላል፥ ቶሎ ካልተነቀለም የተጠመጠመው ሽቦ ይቃጠላል።

ኤሌትሪክ ሠራተኛው ቴስተሩን በሞተሩ መግቢያ ላይ አድርጎ፥ ሞተሩ ለመነሣት በሚታገልበት ጊዜ ቮልቱን ያንብብ። ሞተሩ ሳይበራ የተለካ ቮልት አያስረዳም፤ የላላ መገጣጠሚያ እንኳ ጭነት በሌለበት 220 ያሳያልና። በዚያው ጊዜ በቆጣሪው ዘንድም ቮልቱ ከወረደ ችግሩ ከውጭ የመጣ ነው። በቆጣሪው ደኅና ሆኖ በሞተሩ ብቻ ከወረደ የቤቱ ሽቦ ነው። በሁለቱም ደኅና ሆኖ ሞተሩ ካጉረመረመ ግን ካፓሲተሩ ይመርመር፤ እርሱም ኤሌትሪክ ከተቋረጠ በኋላ ሊመታ ስለሚችል ባለሙያ ሳያራግፈው አይነካ።

ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ወፍራም ሽቦ የሚተካ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው የግድግዳውን ሽቦ ፊውዝ አደረገው ማለት ነው፤ ቤቱ በእሳት የሚያያዘውም በዚህ ነው።

ለሞተሩ ብቻ 4 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የራሱ መስመር ቢዘረጋለት፥ በዚያው ርቀት የሚጠፋው 11 ቮልት ገደማ ይሆናል። ሻጩም ሞተሩን ከማስረከቡ በፊት የሱቁን ርቀትና የሽቦውን ውፍረት ጠይቆ በደረሰኙ ጀርባ ቢጽፍ፥ ዕቃው ሲመለስ ምርመራው ከየት እንደሚጀመር ሁለቱም ያውቁታል።